ዳኛ የሚያወጣው ድንጋይ

በአቴንስ፣ አጎራ በሚባለው የጥንት አደባባይ ሙዚየም ውስጥ፣ አንድ የተሰበረ ድንጋይ አለ። ፊቱ ላይ ቀጫጭን ሽንቁሮች ረድፍ ረድፍ ይዘው ተፈልፍለውበታል። ስሙ ክሌሮቴሪዮን ነው፤ ሥራውም ዳኛ በዕጣ ማውጣት ነበር።

አሠራሩ በአርስቶትል ስም በሚታወቀው የአቴንስ ሕገ መንግሥት መጽሐፍ ተዘርዝሯል። በችሎት ቀን ማለዳ 30 ዓመት የሞላቸው ለመፍረድ የሚሹ ወንዶች በየነገዳቸው ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስምና ቀበሌው የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ይዟል። ሰሌዳዎቹ በሽንቁሮቹ ይሰካሉ፤ የሚሰካው ሰው ራሱ እንኳ በዕጣ የወጣ ነው። በድንጋዩ ጎን ባለው ቱቦ ነጭና ጥቁር ጠጠሮች ተደባልቀው ይጨመራሉ፤ ከታች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ነጭ ከወጣ ተራው የደረሰው አግድም ረድፍ በሙሉ ዳኛ ሆነ፤ ጥቁር ከወጣ የረድፉ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ። ዳኛ የሆነውም የት እንደሚቀመጥ ገና አያውቅም። ሌላ ዕጣ ያነሣል፤ ከዚያ ባለቀለም በትር ይሰጠውና ያው ቀለም በበሩ ላይ ወዳለበት ችሎት ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ጉቦን ለማምከን ነው። ማን እንደሚፈርድ እስከ ማለዳ ካልታወቀ ባለጉዳዩ ማታ የማንን በር ያንኳኳል? ደግሞስ በአንድ ችሎት 501 ሰው ሲቀመጥ ለስንቱ ይበቃል?

እዚህ የተደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ሕግ አውጪው ሶሎን ሰው በዕዳው ባሪያ መሆኑን አስቀረ። በ508 የለውጥ መሪው ክሌይስቴኔስ ሕዝቡን በ10 አዳዲስ ነገዶች ደለደለ። እንደ እኔ ከሁሉ የረቀቀው ሥራ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ነገድ ከከተማ፣ ከባሕር ዳርና ከመሃል አገር የተውጣጣ ስለነበር ትልልቆቹ ቤተሰቦች እንደ ድሮው የአካባቢያቸውን ሰው አስከትለው መነሣት ከበዳቸው። በ487 አርኮን የተባሉት ዋና ሹማምንት በዕጣ መውጣት ጀመሩ። ኋላ የአቴንስ መሪ የነበረው ፔሪክልስ ለዳኞች አበል አስቆረጠ፤ የዕለት ሥራውን ትቶ መምጣት ያልቻለው ድሃም ችሎት መቀመጥ ቻለ። አቴናውያን ምርጫ ባለሀብትንና ባለዝናን እንደሚያነግሥ ስለሚያውቁ፣ የሕዝብ መንገድ የሚሉት ዕጣን ነበር።

ዕጣው ግን እኩል ያደረገው ሰሌዳ ያላቸውን ብቻ ነው። ሴቶች፣ ባሪያዎችና መጻተኞች አልነበራቸውም። ከ451 ወዲህ ደግሞ ለዜግነት አባትም እናትም አቴናዊ መሆን ግድ ሆነ።

የሚነቅፉትም ነበሩ። ፈላስፋው ሶቅራጥስ የመርከብ መሪ በዕጣ የሚሾም ሳይኖር የከተማን ሹም በባቄላ ዕጣ ማውጣት ሞኝነት ነው ይላል ተብሎ መከሰሱን ተማሪው ዜኖፎን ጽፏል። ነገሩ ለአቴናውያኑም አልጠፋቸውም። 10ሩን የጦር አዛዦች እጅ አውጥተው ይመርጡ ነበር፤ አንዱን ሰው ደጋግሞ መምረጥም ይቻላል። ፔሪክልስ ለ15 ዓመት ያህል በየዓመቱ የተመረጠው በዚህ ሥልጣን ላይ ነው።