እንጦጦ፦ አብሮ የመሮጥ ትምህርት ቤት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋው እንጦጦ ለታሪክ ወዳዱ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ተራራ ነው፤ ለከተማው ነዋሪም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሚንሸራሸርበት ፓርክ ሆኗል። ለረጅም ርቀት ሯጮች ደግሞ ከመም የማያንስ የልምምድ ስፍራ ነው። ማለዳ ጫካው ውስጥ የተገኘ ሰው ሯጮች አንዱ የሌላውን ኮቴ እየተከተለ በባሕር ዛፎቹ መካከል ሲጠማዘዙ ያያል። መንገዱን የሚያሳይ ምልክት የለም። መሪው ወደ ግራ ከታጠፈ ሁሉም ይታጠፋሉ፤ ዳገቱን አግድም ከቆረጠም አብረውት ይቆርጣሉ። የዚህ ጫካ ትልቁ ሀብት አየሩ ነው ሲባል እንሰማለን። የእኔ እምነት ግን ሌላ ነው፦ እንጦጦን ትምህርት ቤት ያደረገው አብሮ መሮጡ ነው።

በእርግጥ የአየሩ ነገር ቀላል አይደለም። የተራራው ከፍተኛ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም ይቀንሳል፤ ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ሆኖም ከፍታ ብቻውን ሻምፒዮን የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ከቦሊቪያ እስከ ቲቤት በደጋ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ የማራቶን ባለድል በሆነ ነበር። ሯጮቻችንም ቢሆኑ ከፍታን ብቻ አያሳድዱም፤ ለፈጣን ልምምድ ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ፣ ለአስፋልት ሩጫ ወደ ሰንዳፋ ይሄዳሉ። እንጦጦ በተለይ ለዝግታና ለዳገት ቀን ይመቻል፤ አፈሩና የረገፈው ቅጠል ለጉልበት ይራራሉ።

ታዲያ አብሮ መሮጥ የሚጨምረው ምንድን ነው? መሪው መንገዱን ይመርጣል፣ ፍጥነቱን ይወስናል፤ ተከታዩ ከፊቱ ያሉትን እግሮች ማየት ይበቃዋል። የማሰቡ ሸክም ስለሚቀልለት ኃይሉን ሁሉ ለእርምጃው ያውላል። መሪነቱም ይፈራረቃል፤ ዛሬ የተከተለ ነገ ያስከትላል። በአዲስ አበባ ከሯጮች ጋር ኖሮና ሮጦ በ2020 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮውሊ ያስተዋለው ይህንኑ ነው፦ ለብቻ መሮጥ ለጤና ቢበቃም ለመለወጥ ግን ከሌሎች ጋር መሮጥ ግድ ነው የሚል እምነት በሯጮቹ ዘንድ አለ። ውድድሩም ይህንኑ ይጠይቃል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ሲያሸንፍ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ረጅሙን መንገድ ጎን ለጎን ሮጦ ነው ወደ መጨረሻው የተለየው። ከሰው እግር ጋር እግርን አስማምቶ መቆየት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ የሚለመደውም በቡድን ነው።

የሰው አቅም የተለያየ ስለሆነ ጠንካራው ደካማውን እየጎተተ ለጉዳት ይዳርገዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። አደጋው እውነት ነው፤ ፉክክር የገባበት የዝግታ ቀን ሁለቱንም ያደክማል። መድኃኒቱ ግን ቡድኑን መበተን ሳይሆን መሪው ኃላፊነቱን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። በዛፎች መካከል መጠማዘዙ ራሱ ችኩሉን ልጓም ያስገባዋል፤ የደከመው ከሰልፉ ጭራ ቢሆን ነውር የለውም። ይህ ሁሉ ለባለሙያ እንጂ ለእኛ ምን ይረባናል የሚልም አይጠፋም። እንዲያውም ባልንጀራ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለጀማሪ ነው። ጅብ በሚዘዋወርበት ጫካ ጎህ ሳይቀድ ብቻን መግባት አይመከርም፤ ከፍታውን ያልለመደ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረውም አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ፓርኩን ለሚያስተዳድሩት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጥርጊያ መንገድና መዝናኛ ሲስፋፋ በጫካው ውስጥ ያለው የአፈር መንገድ ሳይነካ ለሯጭ ክፍት ሆኖ ይቆይ። አንባቢም ሁለት ሦስት ወዳጆችህን ጥራ፤ ሰማዩ ሲገልጥ ውጡ፣ ዝግ ብላችሁ ጀምሩ፣ መሪነቱን ተፈራረቁ። ማንንም ጥላችሁ አትመለሱ።