የፕሮግራም ቋንቋ እትሙ ሲለወጥ ላይብረሪው ለምን ይጠፋል?



በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው በየመሥሪያ ቤቱ ድንጋጤን ስለሚያመጣ አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም የፕሮግራም ቋንቋው እትም በተለወጠ ማግስት፣ ትናንት በደኅና ይሠራ የነበረው ፕሮግራም «በዚህ ስም የሚጠራ ሞጁል የለም» ብሎ የሚቆምበት ምክንያት ነው። የደመወዝ መዝገብ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም በወር መጨረሻ እንዲህ ቢቆም፣ ጉዳቱ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን ደመወዙን የሚጠባበቀው ሠራተኛና ቤተ ሰቡ ሁሉ ነው።

ለምሳሌ ፓይተን የተባለውን ቋንቋ እንውሰድ። ቋንቋውን የኔዘርላንድ ተወላጅ የሆነው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ አውጥቶታል። ላይብረሪ የሚባለውም ሌሎች ባለሙያዎች አስቀድመው የጻፉት፣ እኛም እንደ አዲስ ከመጻፍ ድነን የምንገለገልበት የተዘጋጀ ሥራ ነው።

ዋናው ምክንያት እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ የፓይተን እትም ከውጭ የመጡትን ላይብረሪዎች የሚያኖርበት የራሱ ጎተራ አለው። ስለዚህ በ3.11 ጎተራ የገባውን 3.12 አያየውም። ቤት የለወጠ ሰው ዕቃው በገዛ እግሩ ተከትሎት እንደማይመጣ ሁሉ፣ ላይብረሪውም አልጠፋም፤ በአሮጌው ቤት ተቀምጧል።

ታዲያ ጎተራውን እንዳለ ገልብጦ ወደ አዲሱ ማዛወር አይበቃምን? አይበቃም። ከላይብረሪዎቹ ብዙዎቹ በከፊል በሲ ቋንቋ ተጽፈው ለአንድ እትም ብቻ የተዘጋጁ ስለ ሆኑ፣ በሌላው እትም ሥር አይሠሩም።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ እትሙ ከመለወጡ በፊት ፒፕ ፍሪዝ በሚባለው ትእዛዝ የላይብረሪዎቹን ስምና የእትማቸውን ቁጥር በዝርዝር አስጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ቬንቭ የሚባለውን የተለየ ክፍል በአዲሱ እትም አዘጋጁ። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከ3.3 እትም ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ በዝርዝሩ መሠረት ላይብረሪዎቹን አስገቡ። ፒፕን ብቻውን ብትጠሩት የአሮጌው እትም ፒፕ ሊመልስላችሁ ስለሚችል፣ በአዲሱ ፓይተን በኩል፣ ማለት «ፓይተን ዳሽ ኤም ፒፕ» ብላችሁ እዘዙት።

አራተኛ፣ ስሙን መርምሩ። በፕሮግራሙ ውስጥ ፒል ተብሎ የሚጠራው ላይብረሪ የሚገባው ፒሎው በሚል ስም ነው። በግምት ስም መጻፍ ግን አደገኛ ነው፤ ክፉ አሳብ ያላቸው ሰዎች ከታወቁት ጋር በሚመሳሰል ስም ጎጂ ፕሮግራም በሕዝብ ማከማቻው ያስቀመጡበት ጊዜ አለና። ትክክለኛውን ስም ከላይብረሪው ከራሱ መመሪያ ፈልጉ።

አምስተኛ፣ የጎደለው ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣ የነበረ ሞጁል እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ሌላ ነው። ዲስትዩቲልስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከ3.12 ተወግዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ከ3.13 ደግሞ ሲጂአይና ቴልኔትሊብ ያሉባቸው 19 አሮጌ ሞጁሎች ወጥተዋል። በዚህ ጊዜ ምትክ መፈለግ ወይም የፕሮግራሙን ጽሑፍ ማረም ግድ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ አዲሱ ተፈትኖ ሳይረጋገጥ አሮጌውን አታጥፉ። በተለይ ሊኑክስ በተጫነባቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሥርዓቱ ራሱ ከእርሱ ጋር በመጣው ፓይተን ስለሚገለገል፣ ያን ማጥፋት ማሽኑን በሙሉ ሊያውክ ይችላል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ፕሮግራሙ ሲቆም ከመደናገጥ አስቀድሞ «የትኛው እትም ነው የሚፈልገው? በየትኛውስ ጎተራ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የላይብረሪዎቹም ዝርዝር እንደ ማናቸውም የመሥሪያ ቤት ሰነድ በፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ። ያዘጋጀው ሠራተኛ ቢዛወር እንኳ፣ የሚተካው ሰው ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል።