ጥቁርና ነጭ ጭሰኞች በአንድ ማኅበር

በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በአርካንሶ ግዛት ምሥራቃዊ ጥጥ አብቃይ ወረዳዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለም መሬቱ በጥቂት ባለመሬቶች እጅ ነበር። አራሹ ቤተሰብ ስንቁን ከባለመሬቱ ሱቅ በዱቤ እየወሰደ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ጥጡ ተለቅሞ ሲመዘን መዝገቡን የሚይዘው ባለመሬቱ በመሆኑ አራሹ ብዙውን ጊዜ ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል። በአገራችን እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የነበረውን የእኩል አራሽነት ኑሮ የሚያውቅ ገበሬ ነገሩ አይጠፋውም።

በዚህ ረገድ በጥቁሩና በነጩ ጭሰኛ መካከል ብዙ ልዩነት አልነበረም። ሆኖም ነጩ ጭሰኛ ሆዱ ባዶ ቢሆንም እንኳ ከጥቁሩ እበልጣለሁ ብሎ እንዲያምን ሆኖ አድጓል። ባለመሬቱም ይህን ያውቃል፤ አንደኛው ድርሻዬ ይሻሻልልኝ ሲል ሌላውን ያመጣበታል። እ.ኤ.አ. በ1919 በዚያው ግዛት፣ በኢሌን አካባቢ፣ ጥቁር ጭሰኞች ለብቻቸው ማኅበር ባቋቋሙ ጊዜ የታጠቁ ነጮች ዘምተውባቸው ብዙ ሰው ተጨፍጭፏል።

እ.ኤ.አ. በ1933 የአሜሪካ መንግሥት የወደቀው የጥጥ ዋጋ እንዲያንሠራራ ከተዘራው ጥጥ ከፊሉ እንዲገለበጥና ካሣ እንዲከፈል አደረገ። ካሣው በባለመሬቱ እጅ ስለሚያልፍ ለአራሹ የደረሰው ጥቂት ነው። የሚታረሰው መሬት ሲቀነስም ብዙ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ከቤታቸው ተባረሩ።

በሐምሌ ወር 1934 (እ.ኤ.አ.) በታይሮንዛ ከተማ አጠገብ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች ተሰበሰቡ። ሲመክሩ ያገዟቸው በከተማው ላውንደሪ የነበረው ኤች. ኤል. ሚቸልና የቤንዚን ማደያ ባለቤቱ ክሌይ ኢስት ናቸው። ዋናው ጥያቄ ማኅበሩ አንድ ይሁን ወይስ ሁለት የሚል ነበር። ከነጮቹ መካከል ጥቁሮችን ሲያሳድድ በኖረው በኩ ክለክስ ክላን ውስጥ የነበሩ እንደነበሩበት ይነገራል። ከኢሌን እልቂት የተረፉ አንድ ጥቁር አረጋዊ ተነሥተው፣ ለየብቻ ከቆምን ባለመሬቱ አንዳችንን በሌላችን ያስመታናል የሚል ምክር ሰጡ። ምክሩ ተቀባይነት አግኝቶ የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበር በአንድነት ተመሠረተ። ሊቀመንበሩ ነጭ፣ ምክትሉ ሲ. ኤች. ስሚዝ የተባሉ ጥቁር ሰባኪ ሆኑ። ጥቁሮቹ በቤተ ክርስቲያንና እንደ እድር ባሉ የቀብር ማኅበራት ስብሰባ መምራት የለመዱ በመሆናቸው ለማኅበሩ አሠራር ብዙ ጠቅመዋል።

ቃሉ የተፈተነው ብዙ ሳይቆይ ነው። ስሚዝ አባላት ለመመልመል ወደ ጎረቤት ወረዳ በሄዱበት ተይዘው ተደበደቡ፤ ታሰሩም። ጥቁር አባላት ፍርድ ቤት ቢሄዱ ለሕይወታቸው ያሰጋ ስለነበር ነጮቹ ጭሰኞች ጠበቃ ይዘው ችሎቱን ሞሉት። ስሚዝ ተለቀቁ። አንድ ነጭ ገበሬ ለጥቁር ጎረቤቱ ሲል ከዳኛ ፊት መቆሙ በዚያ አገር ያልተለመደ ነገር ስለነበር፣ ማኅበሩን በጥርጣሬ ሲያዩ የነበሩ ብዙ ጥቁሮች የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ከየትኛውም ስብከት ይልቅ ማኅበሩን ያስፋፋው ይህ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በ1935 መከር ባለመሬቶች ለ100 ፓውንድ (45 ኪሎ ያህል) ጥጥ ለቀማ ከ40 እስከ 60 ሳንቲም ብቻ ሊከፍሉ ሲነሡ፣ ማኅበሩ 1 ዶላር ጠይቆ አድማ መታ። የአድማው ወረቀት በአንድ ሌሊት በየመንደሩ ከመዳረሱ የተነሣ በአውሮፕላን የተበተነ የመሰላቸው ባለመሬቶች ነበሩ ይባላል። ነጩም ጥቁሩም እቤቱ ዋለ፤ በብዙ ቦታ ክፍያው ወደ 75 ሳንቲም ከፍ አለ።

ጉድለትም ነበረ። በብዙ መንደሮች ቅርንጫፎቹ በቆዳ ቀለም እንደተለዩ ቀሩ፤ ውሳኔ በነጮች እጅ በዝቷል የሚለው የጥቁሮቹ ቅሬታም በወቅቱ በቂ መልስ ባለማግኘቱ ማኅበሩን ጎድቶታል። ድብደባውና ማባረሩ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1937 ከተቀላቀለው ትልቅ የሠራተኞች ማኅበር ጋር በ1939 በጠብ ሲለያይ ብዙ አባላቱን አጥቷል።

ሚቸልና ኢስት ይሠሩበት የነበረው ሕንፃ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጭሰኞቹ ማኅበር ታሪክ የሚታይበት ቤተ መዘክር ሆኗል።