ራዳር የላይኛውን ነፋስ እንዴት ይለካል?

በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሸዋ ሮቢት ሆነን ወደ ደብረ ሲናና ወደ ጣርማበር ብንመለከት ደመናው ተቆልሎ እናያለን። የይፋት ቆላ ሙቅ አየር ገደሉን እየታከከ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ቆላው በሮቢ ወንዝ ጐርፍ ሆኖ ይወርዳል። ወንዝ ዳር ሽንኩርት የተከለ ገበሬ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ይሁን እንጂ ያ ደመና ወደ ላይም የሚልከው ነገር አለ፤ ማዕበል ነው። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲወረወር ውሃው እንደሚርገበገብ፣ እየገፋ የሚወጣው ደመና በላዩ ያለውን አየር ያርገበግበዋል። ነፋስ ተራራ ሲሻገርም እንዲሁ ነው። ወደ ላይ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ማዕበሉ እያደገ ይወጣል። እረኛ ጅራፍ ሲያጮህ እጀታው ዘንድ ትንሽ የነበረው እንቅስቃሴ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚበረታ እናስታውስ። በመጨረሻ ማዕበሉ ይሰበርና ጉልበቱን እዚያ ላለው ነፋስ ያስረክባል።

ይህ የሚሆነው ከ15 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ ከ35 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ያለውን ነፋስ ከመሬት ሆኖ የሚከታተል ራዳር ነው።

ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ወደ ሰማይ ይልክና ገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። ጥርት ያለ ሰማይም እንኳ አየሩ ስለሚናወጥ ጥቂት ይመልሳል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ 75 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ለመመለስ የሚፈጅበት የሰከንድ 2,000ኛ እጅ ብቻ ነው። የመመለሻው ጊዜ ከፍታውን ይነግረናል። ፍጥነቱስ? ጡሩንባ እየነፋ የሚመጣ መኪና ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ሰምቶታል። የራዳሩም ማሚቶ አየሩ ሲቀርብ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል።

ይህን ዘዴ በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ሮናልድ ውድማንና አልቤርቶ ጊየን ናቸው፤ በፔሩ አገር፣ በሂካማርካ ራዳር። አንቴናው እርሻ ያህላል፤ ጐንና ጐኑ 300 ሜትር ግድም ነው። በአገራችንም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የሚባል የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ተቋቁሟል።

በምድር ወገብ ላይ፣ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ነፋስ በአማካይ በ28 ወር አንድ ዙር ይገለባበጣል፤ አንዴ ከምሥራቅ፣ አንዴ ከምዕራብ ይነፍሳል። የሚገለብጡት ከታች የሚወጡት ማዕበሎች ናቸው። የአየር ጠባይ ተንባዮች ይህን ግፊት በስሌታቸው ካላስገቡ የላይኛው ነፋስ ይዛባባቸዋል፤ ስሕተቱም ውሎ አድሮ ወደ ታች፣ ዝናቡ ወዳለበት አየር ይወርዳል።