የመንግሥት ሕንጻ ሌሊት ምን ይሠራል?

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሥራ ክፍት የሚሆነው ከእነዚህ ውስጥ 40 ለሚሆኑት ሰዓታት ብቻ ነው። በቀሩት 128 ሰዓታት፣ ማለትም ከሳምንቱ ከሦስት አራተኛ በላይ በሆነው ጊዜ፣ በሕንጻው ውስጥ ከጥበቃ ሠራተኞች በቀር ሰው የለም። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ግን ዓርብ ማታ ከሠራተኛው ጋር ወደ ቤቱ አይሄድም። የመተላለፊያው መብራት፣ ሳይጠፋ የተተወው ኮምፒውተር፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ታንከሩ ሞልቶ እየፈሰሰ የማይቆመው ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ ያስቆጥሩታል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሕንጻው ባዶ መሆኑን ራሱ እንዲያውቅና እንደዚያው እንዲሠራ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ ነው።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተመርቋል። ይሁን እንጂ ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። የኃይል ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ስለዚህ በባዶ ክፍል የሚበራ አምፖል ሂሳቡ የሚከፈለው ለቤተ ሙከራ ዕቃ ወይም ለመጽሐፍ መግዣ ሊውል ይችል ከነበረ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ስማርት ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ ቃል በሻጮች አንደበት ብዙ ተንገላቷል። ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ግን ትርጉሙ አጭር ነው፦ መለካት፣ የተለካውን ከሚፈለገው ጋር ማነጻጸር፣ ልዩነቱን ለማጥበብ አንድ ነገር ማድረግ፣ ከዚያም እንደገና መለካት። ይህ ዑደት ግብረ መልስ (ፊድባክ) ይባላል። በመጸዳጃ ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ ይህንኑ ታደርጋለች። ውሃው ሲጎድል ትወርዳለች፣ መግቢያውም ይከፈታል፤ ሲሞላ ትነሣለች፣ መግቢያውም ይዘጋል። ኤሌክትሪክም ሆነ ኮምፒውተር አያስፈልጋትም፤ ስማርት መባል ካለበት ነገር ሁሉ ቀዳሚዋ እርሷ ናት።

የብዙዎቹ ሕንጻዎቻችን ችግር የሚጀምረው ከመጀመሪያው እርምጃ፣ ከመለካቱ ነው። አሥር ሕንጻ ያለው ግቢ አንድ ቆጣሪ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮች ባሉበት ግቢ ያደገ ሰው የዚህን ጣጣ ያውቀዋል፤ ሂሳቡ ሲመጣ የማን ምጣድ እንዳስቆጠረ ክርክር ይነሣል፣ እውነቱን ግን ማንም አያገኘውም። ለየሕንጻው፣ ቢቻልም ለየፎቁ የተለየ ቆጣሪ ተደርጎ ንባቡ በየ15 ደቂቃው ቢመዘገብ ክርክሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያበቃል። በግራፉ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የቀኑ ከፍታ ሳይሆን የሌሊቱ ዝቅታ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚቆጥር ነገር ካለ አንድ በአንድ ስሙ መታወቅ አለበት።

ለውሃም እንደዚሁ ነው። ሰው በሌለበት ሰዓት ታንከሩ ሞልቶ ሳለ በዋናው ቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ካለ የሆነ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ብቻ የሚያፈስ የተበላሸ መጸዳጃ በቀን 7,200 ሊትር ያባክናል።

የማይንቀሳቀስ አንባቢ

በክፍል ውስጥ ሰው መኖሩን ለማወቅ በብዛት የሚያገለግለው ዳሳሽ (ሴንሰር) የሚሠራው በሰውነታችን ሙቀት ነው። የቆዳችን ሙቀት 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 306 ኬልቪን ያህል ነው። በቪን ሕግ መሠረት 2,898ን ለ306 ብናካፍል 9.5 ማይክሮሜትር እናገኛለን፤ ሰውነታችን አብልጦ የሚያበራው በዚህ የሞገድ ርዝመት አካባቢ ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ስለሆነ ይህን ታህተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ጨረር አናየውም፤ ዳሳሹ ግን ያየዋል። ሆኖም የሚመልሰው ለጨረሩ መኖር ሳይሆን ለጨረሩ መለዋወጥ ነው። ከፊቱ ያለው ሌንስ ክፍሉን እንደ ቁራጭ መሬት ይከፋፍለዋል፤ ሰው ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር ምልክቱ ይወጣል።

በቤተ መጻሕፍት ተመስጦ የሚያነብ ተማሪ ግን አይሻገርም። መብራቱ ይጠፋበታል፤ እጁን ያወዛውዛል፣ ይበራል፤ እንደገና ይጠፋል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ዳሳሹ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል፤ ቴክኖሎጂውም በዚያው ያከትማል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። ይህ ዓይነቱ ዳሳሽ ለመተላለፊያ፣ ለደረጃና ለመጸዳጃ ቤት የተሻለ ነው፤ ለንባብ ክፍል ሌላ መላ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ላይ የሚሳሳት መሣሪያ

አንዱ መላ ትንፋሽን መለካት ነው። አንድ ተማሪ ተቀምጦ በሰዓት 18 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ 50 ተማሪዎች 900 ሊትር ማለት ነው። ክፍሉ 9 ሜትር በ8 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ከሆነ 216,000 ሊትር አየር ይይዛል። መስኮቱ ከተዘጋ በ15 ደቂቃ ውስጥ በእያንዳንዱ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ላይ 1,000 ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ይጨመራሉ። የውጪው አየር የሚይዘው ከ420 ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠኑ ሲጨምር ሰው መኖሩም፣ መስኮት መከፈት እንዳለበትም በአንድ ጊዜ ይታወቃል።

ይህ ስሌት ግን የተሠራው ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ክፍሉ የሚይዘው የአየር ሞለኪውል በዚያው መጠን ሲቀንስ የተማሪው ትንፋሽ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ጭማሪው 1,000 ሳይሆን ወደ 1,400 የሚጠጋ ይሆናል፤ የእኛ ክፍል ቶሎ ይታፈናል ማለት ነው። ይህ ብቻ አይደለም። የተለመደው መሣሪያ ጋዙን የሚለካው በታህተ ቀይ ጨረር መንገድ ላይ የሚያገኛቸውን ሞለኪውሎች በመቁጠር ነው። ለባሕር ጠረፍ ተስተካክሎ የመጣ መሣሪያ ጥቂት ሞለኪውል ሲያገኝ አየሩ የጠራ ይመስለዋል። ማስጠንቀቂያውን 1,000 ላይ ብናደርገው የሚጮኸው እውነተኛው መጠን 1,300 ካለፈ በኋላ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። መሣሪያውን ከመኪና መንገድ ራቅ አድርጋችሁ ሜዳ ላይ አውጡት፤ 320 አካባቢ ካነበበ የቦታውን ከፍታ የነገረው ሰው የለም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፍታ የሚሞላበት ቦታ አላቸው፤ ዕቃው ሲረከብ ይህን የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

ከውጭ የሚመጣ ሥርዓት ሁሉ እንዲህ ዓይነት የተደበቀ ግምት ይዞ ይመጣል። አብዛኛው የተሠራው ትልቁ ወጪ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ለሆነበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በአግባቡ የተሠራ ሕንጻ መስኮቱን በመክፈትና በመዝጋት ብቻ ዓመቱን ሙሉ ሊኖር ይችላል። ዙሪያውን በማይከፈት መስታወት ሸፍኖ ፀሐይ ካስገቡ በኋላ ማቀዝቀዣ መግዛት፣ ማቀዝቀዣውንም እንዲቆጣጠር ስማርት ሥርዓት መግዛት፣ በእኛ አስተያየት ለራስ በሽታ ፈጥሮ መድኃኒት እንደመሸመት ነው። ሠመራና ጋምቤላ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የማቀዝቀዣው ሰዓት መቆጣጠሪያ ከሁሉ ይቀድማል።

የቆጠበ ምን ያገኛል?

ፊዚክሱ እዚህ ላይ ለአስተዳደር ቦታ ይለቃል። በጀርመን የሐምቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 «ፊፍቲ ፊፍቲ» የሚባል አሠራር ጀመረች። ተማሪዎችና መምህራን በጥንቃቄ ብቻ ከቆጠቡት የኃይል ወጪ ግማሹ ለትምህርት ቤቱ ይሰጣል፤ ግማሹ ለከተማው ይቀራል። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ትልልቅ የሕዝብ አገልግሎት ሕንጻዎች የተጠቀሙትን ኃይል ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በሚደርስ ደረጃ የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ለሕዝብ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፉ ሕግ ወጣ። በእኛ አገር ያልተሠራበት በጀት ሰኔ 30 ቀን ለግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ከመብራት ሂሳቡ የቆጠበ መሥሪያ ቤት የሚተርፈው የሚቀጥለው ዓመት በጀት መቀነስ እንዳይሆን ይፈራል። ይህ ካልተስተካከለ የትኛውም ዳሳሽ ላይ ፕላስተር መለጠፉ አይቀርም።

በጨረታ ሰነድ ላይም ሁለት መስመር መጨመር ይገባል። አንደኛው፣ መሣሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በ2003 ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሆነው ባክኔት ባለ ለሁሉም ክፍት በሆነ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ነው፤ አለዚያ ሻጩ ሲጠፋ ሕንጻው ዲዳ ይሆናል። ሁለተኛው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መቆጣጠሪያው ሰዓቱን እንዳይስት ነው። ሰዓቱን የሳተ መቆጣጠሪያ በቀትር አብርቶ በምሽት ያጠፋል።

ለተማሪዎች የምናቀርበው ሙከራ እርሳስና ደብተር ብቻ ይጠይቃል። ትምህርት ቤታችሁን ወይም ፋኩልቲያችሁን አስፈቅዳችሁ ቆጣሪውን ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አንብቡ፤ ይህን ለሰባት ሌሊት አድርጉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ባላስታቸውን ጨምሮ 45 ዋት የሚወስዱ 12 የፍሎረሰንት መብራቶች ሲያድሩ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይቆጥራሉ። ያገኛችሁትን ቁጥር ለዚህ አካፍላችሁ ስንት ክፍል በርቶ እንዳደረ ገምቱ፤ ከዚያም በግቢው ዞራችሁ የበሩትን ቁጠሩ። ሁለቱ ካልተስማሙ የእሑዱን ሌሊት ከረቡዑ ጋር አነጻጽሩ። የተቀራረቡ ከሆኑ የሚያስቆጥረው ሰው የረሳው መብራት አይደለም፤ ፍለጋውን ከፓምፑ ክፍል ጀምሩ፣ ቀጥሎም ወደ ውሃ ማሞቂያውና ወደ ኮምፒውተር ማዕከሉ እለፉ።