መሪው ሞቆ ሚስት በረዳት!

ባለፈው ክረምት ከበደሌ ወደ መቱ የወሰዱኝ ባልና ሚስት መንገዱን ሙሉ ሲነታረኩ ነበር። ጭቅጭቁ የገንዘብ ወይም የዘመድ እንዳይመስላችሁ፤ የሙቀት ነው! በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ከያዙት መካከል ናቸው። የኢሉባቦር ዝናብና ጉም ደግሞ እጅ ያደነዝዛል። ሚስት "ልጁ በረደው፣ ማሞቂያውን ክፈተው እንጂ!" ትላለች። ባል "ባትሪው መቱ አያደርሰንም" ይላል። የእሱ እጅ ግን አልበረደውም፤ ለካ መሪው የሚሞቅ ኖሯል!

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ሒሳቡን አልሳተም። የነዳጅ መኪና የሚያሞቀን ሞተሩ በከንቱ በሚጥለው ሙቀት ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ከባትሪው ይቀንሳል። የውስጡን አየር ማሞቅ በሺህ የሚቆጠር ዋት ሲፈጅ፣ መሪው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ከመቶ ዋት ብዙም አይርቅም። የወንበሩም እንደዚያው። (መስታወቱ በጉም ሲሸፈን ግን ነፋሱን መክፈት ግድ ነው፤ እዚያ ላይ ቁጠባ የለም።)

ያዮን እንዳለፍን ልጁን በጋቢ ጠቅልዬ ከኋላ እንደያዝኩ "የእሷ ወንበርስ አይሞቅም?" አልኩት። ዝም አለ። ጽሑፉ በቻይንኛ ነው፤ እሷ በምን ታውቀው? ስክሪኑን ሁለቴ ነካ ነካ ሲያደርግ ወንበሯ ሞቀ።

መቱ እስክንገባ አላናገረችውም።