«ስንት ይጠይቃል?»

አጎቴ ከአዲስ አበባ በደወለ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያነሳው ይህንኑ ነበር። ሕክምና ለመማር ስንት ውጤት ይጠይቃል ማለቱ ነው። አልፈርድበትም። እሱ የሚያውቀው 12ኛ ክፍል ተፈትኖ፣ ምርጫ ሞልቶ፣ ምደባ መጠበቅን ነው። ቁጥሩ ከበቃ በቃ፤ ማንም አስቀምጦ «ለመሆኑ ሐኪም መሆን ለምን ፈለግሽ?» አይልም። እዚህ እንግሊዝ አገር ግን ይላሉ፤ ያውም ደጋግመው፣ በጽሑፍም በቃልም። ይህ በጊዜ ስላልገባኝ የመጀመሪያውን ዓመት ካመለከትኩባቸው አራት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም ሳይቀበለኝ ቀረ።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ሰሞኑን «ልጄ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፣ ምን ታጥና?» የሚሉ መልእክቶች ስለበዙብኝ ለሁሉም በአንድ ላይ ልጻፍ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የማያከራክረውን እንጨርስ። ማመልከቻው ለዩኒቨርሲቲዎቹ በሚያስተላልፈው ዩካስ በሚባል ድርጅት በኩል ይገባል። አምስት ምርጫ ቢሰጥም ሕክምና መሙላት የሚቻለው በአራቱ ብቻ ነው፤ አምስተኛው ለሌላ ትምህርት ነው። በኤ ሌቨል (በትምህርት ቤት የመጨረሻ ፈተና) ብዙ ቦታ ሦስት ኤ ይጠይቃል። ኬሚስትሪን በ16 ዓመቱ የጣለ ልጅ አብዛኛው በር ይዘጋበታል። የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 15 ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ነው ያልኩት፤ እኩለ ሌሊት መስሎት የተዘናጋ ልጅ አውቃለሁ። ደግሞም የአስተማሪ ምስክርነት አብሮ ስለሚላክ፣ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ቀን ቀደም አድርገው ያስቀምጣሉ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። ዩካት የሚባል ፈተና አለ፤ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ በኮምፒውተር ይወሰዳል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ። በእኔ ጊዜ አራት ባለ ነጥብ ክፍሎች ነበሩት፣ ከ3600 ይታሰብ ነበር። ከ2025 ጀምሮ የቅርጽ ጥያቄው ቀርቶ ሦስት ክፍል ሆኗል፣ ጣሪያውም 2700 ነው። ከእነዚህ ሌላ የሥነ ምግባርና የውሳኔ ጥያቄዎች አሉት፤ እነሱ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጣቸዋል። አራተኛ ደረጃ ያገኘን ልጅ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ሌላውን ሳያይ ይጥለዋል።

እኛን ቤት አማርኛ እያወራን ያደግነውን የሚያንቀው የንባቡ ክፍል ነው። 44 ጥያቄ በ22 ደቂቃ፤ ለአንዱ 30 ሴኮንድ ማለት ነው። ሙሉውን አንቀጽ አንብቤ ልረዳ ካላችሁ አለቀላችሁ። ጥያቄውን ቀድሞ አይቶ መልሱን መፈለግ ነው፤ ጠፍታ የቆየች ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው። ለዚህ ብላችሁ በመቶዎች ፓውንድ የሚጠይቅ ኮርስ አትግዙ። የፈተናው ድረ ገጽ ራሱ ሙሉ የመልመጃ ፈተናዎችን በነፃ አስቀምጧል። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጆችም የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ድጎማ አለ፤ የፈተና ቀን ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ።

እኔ ያመጣሁት መካከለኛ ነጥብ ነበር። ጥፋቱ እሱ አይደለም። ጥፋቱ በመካከለኛ ነጥብ አራቱንም ምርጫዬን ዩካትን ከሁሉ አስበልጠው ለሚያዩ፣ ስማቸው ለወሬ የሚያምር ዩኒቨርሲቲዎች መስጠቴ ነው። ባንክ ውስጥ ብር ሳይኖር ቼክ እንደመጻፍ። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ስትነግር ደስ እንዲላት ነው የመረጥኩት ብል ውሸት አይሆንም። እስከ ማርች ድረስ አራት «እናዝናለን» ደረሰኝ፤ ለቃለ መጠይቅ እንኳ የጠራኝ የለም።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ይህ ነበር፤ የዩካት ውጤት የሚታወቀው ዩካስ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ስለዚህ ነጥባችሁን ይዛችሁ ነው የምትመርጡት። አንዱ ዩኒቨርሲቲ አመልካቾችን በዩካት ብቻ ይደረድራል፣ ሌላው የጂሲኤስኢ (በ16 ዓመት የሚወሰደውን ፈተና) ውጤት ይቆጥራል፣ ሌላው የመኖሪያ ሰፈራችሁንና የትምህርት ቤታችሁን ሁኔታ አይቶ የመግቢያ ውጤቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው ደግሞ ከማመልከቻው ጋር የምትጽፉትን የግል መግለጫ እስከ ቃለ መጠይቁ ድረስ አያነበውም። ይህን ሁሉ እያንዳንዳቸው በየዓመቱ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ፤ አሰራሩም ስለሚለዋወጥ የአምና ተማሪ ምክር ብቻ አይበቃም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ በደብተር ሠንጠረዥ ሠራሁ። ከፈተናው ዝግጅት ሁሉ የጠቀመኝ ያ ቅዳሜ ነው።

የቅድመ ሕክምና ዓመት ያላቸው ፕሮግራሞችንም አትናቁ። ኪንግስ ኮሌጅ ለንደንና ሳውዝሃምፕተን እንዲህ ያለ የስድስት ዓመት ትምህርት አላቸው፤ ከወትሮው ዝቅ ባለ ውጤት ይቀበላሉ፣ ግን መስፈርታቸውን ማሟላት አለባችሁ። አንዳንድ ወላጅ «ልጄ ደካማ ናት እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ዲግሪ ያው ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም አለ። ጥገኝነት ገና ያልተፈቀደለት ልጅ እንደ ውጭ አገር ተማሪ ሊታሰብ ይችላል፤ ያ ማለት ክፍያው ብዙ እጥፍ ነው፣ ለውጭ ተማሪ የተተወውም ቦታ በጣም ጥቂት ነው። ከኢትዮጵያ ሆናችሁ የጻፋችሁልኝም ይህንኑ አስቡበት። ኦክቶበር ላይ ሳይሆን ከዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ጠይቁ።

ወደ ግል መግለጫው። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ አንድ ወጥ ድርሰት መሆኑ ቀርቷል፤ ሦስት ጥያቄ ነው። ለምን ይህን ትምህርት ፈለግህ፣ ትምህርትህ እንዴት አዘጋጀህ፣ ከትምህርት ውጭስ ምን ሠራህ። በድምሩ 4000 ፊደል፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። በ2007 ዩካስ መግለጫዎቹን በኮምፒውተር ሲያመሳክር 234 አመልካቾች በስምንት ዓመታቸው በኬሚስትሪ መጫወቻ ፒጃማቸውን እንዳቃጠሉ ጽፈው አገኘ። 234 ፒጃማ! ከአንድ ናሙና የገለበጡት ነበር።

እኛም የራሳችን ፒጃማ አለን፤ «አያቴ ገጠር ሐኪም አጥታ ሞተች»። እውነት ለደረሰባቸው እውነት ነው፣ ይጻፉት። እኔ ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ ለእናቴ ሳነብላት መነጽሯን አወረደችና «የቷ አያትሽ?» አለችኝ። «እማማ 84 ዓመቷ ነበር፣ ሦስት ሐኪም እያያት ነው ያረፈችው።» ሰረዝኩት።

የተሰረዘውን የተካው ከዚያው ከእናቴ የመጣ ነው። እንደመጣን ሰሞን፣ 13 ዓመቴ ሳለ፣ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ጋ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። «ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» አለች። እኔ «ሆዷን ያማታል» ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሟ ሆዷን ነካካች፣ ምን እንደምትበላ ጠየቀች። እናቴ ግራ ገብቷት ታየኛለች። ሐኪሟ ጥቂት የእናቴን ፊት አየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ስልክ ደውላ አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ አገናኘች። እኔን በትህትና ውጭ ጠብቂ አለችኝ። ተናደድኩ፣ ሥራዬን የተነጠቅኩ መሰለኝ። ልጅ ፊት የማይነገር ነገር እንዳለ፣ እናቴም ያን ቀን እሱን ይዛ እንደሄደች የገባኝ ዓመታት ቆይቶ ነው። በሁለተኛው መግለጫዬ የጻፍኩት ይህን ነው፤ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ።

ብዙ የሐበሻ ልጅ እንዲህ ያለ ታሪክ እያለው «እሱማ የቤት ጣጣ ነው» ብሎ ይተወዋል። ይልቅ ለሥራ ልምድ ሆስፒታል የሚያስገባ ዘመድ ሲያፈላልግ ይከርማል። የተመለከታችሁበት ቦታ ስም ለመራጮቹ ብዙም አይደንቃቸውም። የሚፈልጉት ያያችሁትንና የገባችሁን ነው። እኔ በባከነው ዓመት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ አዛውንት ሻያቸው ሁልጊዜ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። «አይወዱም» ተብሎ ነበር። አንድ ቀን ነርሷ ኩባያውን ከግራ አንስታ በቀኝ በኩል አኖረችው፤ አንስተው ጠጡ። የመታቸው ስትሮክ የጎዳው ቀኝ አንጎላቸውን ነበርና በግራቸው ያለውን ነገር አእምሯቸው አይመዘግበውም። ይህን አንድ ኩባያ ሻይ ለማየት ሰባት ሳምንት ጠረጴዛ ጠርጌያለሁ። ሥራ ያላገኛችሁ ደግሞ የጂፒዎች ኮሌጅ ያዘጋጀው ኦብዘርቭ ጂፒ የሚባል ነፃ የቪዲዮ ትምህርት አለ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ። ምንም ስትጽፉ የታማሚን ስም አታውጡ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ልቆይ፤ ልጆቻችን በብዛት የሚወድቁት እዚያ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከክፍል ክፍል፣ ከጠያቂ ጠያቂ ያዞሯችኋል፤ በየጣቢያው ጥቂት ደቂቃ። እኛ ስናድግ ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው፣ ራስን ማሞገስ ነውር ነው። ስለዚህ «ምን ሠራሽ?» ስንባል «እኛ» እንላለን፣ «ትንሽ ረድቻለሁ» እንላለን። ጠያቂው ይህን ጨዋነት ብሎ አያነበውም፤ የሚናገረው ያጣ ልጅ ይመስለዋል። «እኔ» ማለትን ተለማመዱ፣ መጀመሪያ ያሳፍራል።

አንድ የታወቀ መልመጃ አለ፤ የጎረቤትህን ድመት በመኪና ገጭተህ ገድለሃል፣ ሄደህ ንገራት። ጎረቤቷ ተዋናይ ናት። እኔ የተለማመድኩት ከአክስቴ ጋር ነው። ገብቼ ስለ ጤናዋ ጠየቅኩ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቅኩ፣ ስለ ብርዱ አወራሁ። ሦስት ደቂቃ አለፈ፣ ድመቷ አልሞተችም። አክስቴ «ልጄ፣ መርዶ ነው እንዴ የያዝሽው?» አለችኝ። ለካ እንደ መርዶ እየተንደረደርኩ ነበር፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሳይቀድ እንደሚሄድበት። አገራችን ውስጥ ያ ዙሪያ ጥምጥም ትርጉም አለው፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። እዚህ የሚፈለገው ግን በአጭር ቃል ማስጠንቀቅ፣ በግልጽ መናገር፣ ከዚያ ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው ሙከራ ላይ «ከባድ ነገር ልነግርሽ ነው» አልኳት፣ ነገርኳት፣ ዝም አልኩ። ዝምታው ገደለኝ። አክስቴ፣ ድመት ኖሯት የማታውቅ ሴት፣ እውነት አለቀሰች።

ዘንድሮ የምታመለክቱ ልጆች ለዚህ ልምምድ የሚያስፈልጋችሁ ሰዓት የያዘ ሰውና ሁለት ወንበር ነው። እኔ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ነኝ። አክስቴም ትመጣለች፤ ድመቷን በውሻ እንቀይር ብላለች።